የእህቴ መብራት

የማታምኑኝ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ይህን ስጽፍላችሁ ግራ ጡቴ ውስጥ አሁንም ይሞቀኛል።

ያለፈው ግንቦት ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ደብረ ማርቆስ፣ አንዲት ጠባብ የሕክምና ክፍል ውስጥ።

አልጋው ላይ ታናሽ እህቴ ወንጌላዊት ተኝታለች። የጡት ካንሰር ነው። እኔ ሥራነሽ አስታማሚዋ ነኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ... ቀንቼባታለሁ።

አዎ፣ በታመመች እህቴ! ከፈለጋችሁ አማትቡ። እናታችን እሷን "የኔ ዓለም" ነው የምትላት። እኔን "አንቺ"። ከደምበጫ በሚኒባስ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ የምትመላለሰው ለሷ ነው። እኔ ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ስልክ እንኳ አልደወለችም።

አሁን ደግሞ ለሙከራ የመጣ አዲስ ሕክምና ደረሳት።

መድኃኒቱ በክንዷ በመርፌ ይሰጣል። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ዕጢውን ፈልገው ይለጠፉበታል። መብራት ሲበራባቸው ይግላሉ፣ ዕጢውን ያቃጥላሉ፣ የያዙትን የኬሞ መድኃኒትም እዚያው ይለቃሉ።

"ጤነኛ ሰው ላይ ቢበራ ለብ እንኳ አይልም" አለኝ ነርሱ ደመላሽ።

መብራቱን ጡቷ ላይ አስተካክሎ "መጣሁ" ብሎ ወጣ።

ወንጌላዊት ዓይኗን ጨፍናለች።

"ይሞቃል?" አልኳት።

"ደስ ይላል፣ እታለም..."

ደስ ይላል! ይኸም ለሷ! ንድድ አለኝ።

የቀሚሴን አዝራር ፈታሁ። የመብራቱን አንገት ወደ እኔ ጠመዘዝኩት።

ምንም የለም...

ምንም...

ከዚያ ሞቀኝ።

ቆዳዬ ላይ አይደለም... ውስጥ። አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ።

"እታለም..." አለች ወንጌላዊት በሹክሹክታ። "በረደኝ።"

"ዝም በይ!"

"እኔን ለቀቀኝ እኮ..."

መብራቱን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ሙቀቱ ግን አልቆመም።

በሩ ተከፈተ። ደመላሽ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"ማን ተነሺ አለሽ? ገና አልጨረስሽም።"

"ኧረ እኔ አስታማሚ ነኝ!"

ክንዴን ይዞ አልጋው ላይ አስተኛኝ። አልጋው ባዶ ነበር... ወንጌላዊት መቼ ተነሳች?

ክንዴን አየሁት። ፕላስተር ተለጥፎበታል። ገለጥ ሳደርገው መርፌ የወጋው ቦታ አለ፤ ደሙ ገና አልደረቀም።

እኔን መርፌ የወጋኝ ሰው የለም!

እናቴ ፔርሙሷን ይዛ ገባች። በሩ አጠገብ የቆመችውን ወንጌላዊትን አልፋት መጣች። ዞራም አላየቻት። አጠገቤ ተቀምጣ ግንባሬን ዳበሰችኝ።

"የኔ ዓለም..." አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኋት ቃል ናት። እያለቀስኩ እጇን ሳምኩት።

ቀና ስል ወንጌላዊት አሁንም በሩ ላይ ቆማለች። የኔን ቀሚስ ለብሳለች... አዝራሩ እንደተፈታ።

ዓይኗን ተክላ ታየኛለች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ይኸን ሁሉ ዘመን እኔ እሷን ሳይበት የኖርኩት ነው።