ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይሄንን ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ጂን መኖሩን በሃይማኖቴ አውቃለሁ፣ አልክድም፣ ግን ጂን ሥራ ፈትቶ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገብቶ ይቀመጣል የሚለኝ ሰው ቢመጣ ከት ብዬ እስቅበት ነበር፣ እንዲያውም አክስቴ አንዴ ስለ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ የሆነ ነገር ስታወራ "አክስቴ፣ ድመት ይሆናላ" ብያት ስንት ቀን አኩርፋኛለች። የኮምፒውተር ሰው ነኝ። አንድ ነገር ከሠራ የሠራበት ምክንያት አለ፣ ካልሠራም ያልሠራበት ምክንያት አለ፣ ቁጭ ብሎ መፈለግ ነው፣ እንዲህ ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን የማወራላችሁ ግን ፈልጌ ፈልጌ ምክንያት ያጣሁለትን ነው።

ነጅማ እባላለሁ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልጄ ያደግኩ፣ አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሱቁ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሬን ዘርግቼ እውላለሁ። ሥራዬን ባጭሩ ላስረዳችሁ፣ አለዚያ ንዴቴ አይገባችሁም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የጻፈውን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስለት መሣሪያ ያስፈልገዋል፣ አስተርጓሚ በሉት። እኔ የምንከባከበው መሣሪያ በነጻ የሚታደል ነው፣ ውስጡም ክፍት ነው፣ ማንም ሰው ከየትም አገር ሆኖ ከፍቶ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል፣ በፈቃዳችን የተሰበሰብን ጥቂት ሰዎች ነን የምንጠብቀው፣ የእኔ ድርሻ ደግሞ የእኛን የቀን አቆጣጠር የሚያሰላው ክፍል ነው። ጣጣው፣ መሣሪያው አንድ አይደለም፣ ሁለት እትም ነው፣ እኛ ቨርዥን እንለዋለን፣ አሮጌው ቨርዥን አለ፣ አዲሱ ቨርዥን አለ።

ከሁለቱ ጋር መኖር ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል! አሮጌውን የሚጠቀሙት "ምነው ረሳችሁን፣ አዲሱ ላይ ያለው ሁሉ ለእኛም ይጨመርልን" ብለው ይጽፋሉ፣ አዲሱን የሚጠቀሙት ደግሞ "አሮጌው ይሻለን ነበር" ይላሉ፣ የአዲሱን እርማት ወደ አሮጌው ልመልስ ብዬ ስገባ አንዱን ቀዳዳ ስደፍን ሌላው ይከፈታል፣ በዚህ ላይ መብራት ይጠፋል፣ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ያቺን ሲዲኤምኤ የኢንተርኔት መቀበያ መስኮት ላይ አንጠልጥዬ እንደ ሕፃን ሳባብላት እውላለሁ። አባዬ ከታች ሆኖ "አንቺ ልጅ፣ የሚከፍልሽ የለ፣ ምን ያንገበግብሻል?" ይለኛል፣ እውነቱን ነው እኮ።

ከሁሉ የከፋብኝ ጳጉሜ ናት። አሮጌውን ቨርዥን ዓመትን አሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነው የሠራው፣ ስለዚህ በእሱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሁሉ ጳጉሜ ሲደርስ ይደነብራል። አዲሱ ላይ አስተካክዬዋለሁ፣ አዲሱ ግን በድሮ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። ከአይከል አለፍ ብሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ አለች፣ ስሟን ልተወው፣ የሕፃናት ክትባት የምትመዘግብበትን ፕሮግራም እኔ ነኝ በአሮጌው የሠራሁላት፣ ያላቸውም አንድ ድሮ የተገዛ፣ ሆዱ የተነፋ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ነው። ነርሷ ሲስተር ብርቄ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ትደውልልኛለች። "ነጅምዬ፣ የጳጉሜ ልጆቼን ደግሞ ዋጣቸው" ትለኛለች። እሷ እየቀለደች ነው፣ እኔን ግን ያመኛል፣ ምክንያቱም አንዴ የአንዲትን በጳጉሜ የተወለደች ልጅ የክትባት ቀን ፕሮግራሙ ሳያወጣላት ቀርቶ፣ ሲስተር በጭቃ እስከ ቤታቸው ድረስ በእግሯ ሄዳ ነው የደረሰችላት።

እና በዚያ ዓመት ቆረጥኩ። አሮጌውን መንከባከብ አቆማለሁ፣ በቃኝ፣ ብዬ ለባልደረቦቼ ጻፍኩ፣ ለዚያ ኮምፒውተር የሚሆን ተጨማሪ ሜሞሪ ገዛሁ፣ አዲሱን ጭኜላት አሮጌውን ከሥሩ ልነቅለው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከአዘዞ ጀምሮ ዝናብ ነበር፣ አይከል ስንደርስ ጉሙ ከመሬት ጋር ተጣብቋል፣ ከመኪና ወርጄ ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያዋ ስሄድ ጫማዬ ጭቃውን ተሸክሞት ነበር።

በሩ ላይ ጥበቃው አያ መኳንንት ቆመዋል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ከዚያ በፊትም ያውቁኛል።

"እንደምን አደራችሁ? ሸጋ ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ፣ ዝናቡ አበሰበሳችሁ" አሉ።

ከኋላዬ ታካሚ ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ፣ ማንም የለም፣ ጉም ብቻ ነው። አይናቸው ደክሟል ብዬ አለፍኩ። እመኑኝ፣ ሁለተኛ አላሰብኩበትም።

ሥራው ገና ከመጀመሪያው እምቢ አለ። የገዛሁት ሜሞሪ ከቦታው አልገጥም አለ፣ ሻጩ "ይሆናል" ብሎ ምሎልኝ ነበር፣ ያለ እሱ ልሞክር ብዬ አዲሱን ስጭነው ግማሽ መንገድ ላይ ደርቆ ቀረ፣ እንደገና አስነሳሁት፣ እንደገና ደረቀ። አልቅሼ ነበር፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ከዚያ የማልፈልገውን አደረግኩ፣ በፍላሽ ይዤው የመጣሁትን የአሮጌውን የፕሮግራም ጽሑፍ ገልብጬበት ያችን የጳጉሜ ነገር እንደገና ላርማት ሞከርኩ፣ እንደለመደችው አንዱ ሲስተካከል ሌላው ተበላሸ፣ በዚህ መሐል መብራት ጠፋ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ የጻፍኩትም አብሮ ሄደ።

ሲስተር ብርቄ በሩ ላይ ቆማ "በይ ተነሺ፣ ሳትበዪ አብደሽ ትሞቻለሽ፣ ለአንቺ ብዬ ሽሮ አሠርቻለሁ" አለችኝ። እሷ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም ነንና በሥጋ እንዳልቸገር አስባልኝ ነው። ኮምፒውተሩ ያለበትን የካርድ ክፍል በጓጉንቸር ቁልፍ ዘጋችው፣ ቁልፉን ነጭ ጋውኗ ኪስ ከተተችው፣ ቀጥሎ ባለችው የእረፍት ክፍሏ ገብተን ቁጭ አልን።

ገና ጥቂት ጎርሰን ነበር። ዝናቡ ጋብ አለ፣ ቆርቆሮው ላይ የነበረው ጩኸት ረገበ፣ ያኔ ነው የሰማሁት። ታክ ታክ፣ ታክ፣ ታክ ታክ። መጀመሪያ የጣራው ጠብታ መሰለኝ፣ ግን ጠብታ አይደለም፣ ያ አሮጌ ኪቦርድ ነው፣ የዚያችን የተሰበረች የምትመስል ትልቅ መጻፊያ ቁልፍ ድምፅ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

ሲስተር ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። "ማን ገባ?" አለች።

"የበሩ ቁልፍ አንቺ ጋ አይደል?" አልኳት።

ኪሷን ዳበሰች። አለ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በልጅነቴ የሱቃችን በር የግራ እጄን መሐል ጣት ቀጥቅጦት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ስጽፍ አጻጻፌ ያነክሳል፣ ፈጠን ፈጠን ይልና ትንሽ ያርፋል፣ ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሳለን በዚህ ይስቁብኝ ነበር፣ ሳያዩኝ በድምፁ ብቻ እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው እንደዚያ ያነክስ ነበር። ራሴን ከውጭ ሆኜ ስሰማ አስቡት፣ እጄ ላይ የያዝኩት እንጀራ ሳላውቅ ወደቀ።

ተነስተን ሄድን። ጓጉንቸሩ እንደተዘጋ ነው። ሲስተር ስትከፍተው ድምፁ ቆመ፣ ልክ ሰው ሲገባብህ እንደምታቆመው። ውስጥ ማንም የለም። መብራት አልመጣም፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ወንበሩ ግን እኔ ከተውኩበት ወደ መስኮቱ ተስቧል፣ እጄን ስጭንበት ሞቅ ይላል። ሲስተር "በስመ አብ" ብላ አማተበች፣ እኔም ቢስሚላሂ አልኩ፣ ሁለታችንም ተመልሰን ወጥተን መብራቱ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆምን፣ ብቻዬን እገባለሁ የሚል ወኔ ማናችንም አልነበረንም።

መብራቱ መጣ፣ ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። እዚያ ላይ የነበረው አሮጌው ቨርዥን ነው፣ ግን እርማቱ ተሠርቶ ያለቀ፣ ያለ ምንም ማጉረምረም የሚነሳ። የክትባት ፕሮግራሙን ከፍቼ በጳጉሜ የተወለደ ልጅ አስገባሁ፣ ተቀበለ። ሌላ አስገባሁ፣ የክትባቱን ቀን አስልቶ አወጣ፣ በወረቀት አሰላሁት፣ ልክ ነው። ስንት ዓመት ያቃጠለኝ ነገር እኮ ነው!

"ተሠራ?" አለች ሲስተር።

"ተሠርቷል" አልኩ፣ ሠራሁ ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉን ከፈትኩት። ያረመው ሰው ስም በሚጻፍበት ቦታ የእኔ ስም ነው፣ እኔ እንደምጽፈው። ፕሮግራም ስንጽፍ ከኛ በኋላ ለሚመጣ ሠራተኛ መሐል መሐል ላይ ማስታወሻ መተው ልማድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ዘሎት ያልፋል፣ ሰው ብቻ ያነበዋል። ከእርማቱ በላይ አንዲት ማስታወሻ ነበረች፣ በአማርኛ።

"አሮጌውን ለእኔ ተዪው።"

እርማቱን ፍላሼ ላይ ገልብጬ ተነሳሁ፣ ሲስተር ሻይ ጠጪ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ልትሸኘኝ አብራኝ ወጣች፣ በሩ ጋ ስንደርስ አያ መኳንንት ከጎጇቸው ብቅ አሉ።

"ምነው፣ እህትሽ ቀረች?"

"እህት የለኝም አያ መኳንንት።"

"ያች አብራሽ የገባችው እንጂ። አሁን እኮ ምሳ ስትሉ እሷ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ስትሠራ ነበር። መብላት ጠልታ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

ሲስተርን ዞሬ አየኋት፣ እሷም እኔን አየችኝ። እስከ አስፋልቱ ድረስ በሩጫ ወጣሁ፣ ሚኒባሱ ውስጥም ከአጠገቤ ባዶ ወንበር እንዳይኖር ሰው መሐል ገብቼ ተቀመጥኩ።

ቤት ደርሼ ለአባዬ ነገርኩት። ትንሽ ቁርዓን ቀራልኝና "በይ፣ ለሰው አታውሪው፣ ደንግጠሽ ነው" አለኝ፣ እኔም እንደዚያ ለማለት ሞክሬያለሁ። ምናልባት እኔው አርሜው ፍላሽ ላይ ረስቼው ይሆናል፣ ምናልባት ወንበሩን የሳብኩት ራሴ ነኝ፣ ምናልባት አያ መኳንንት አርጅተዋል። ግን ሲስተርም ሰምታለች። ደግሞ እዚያ እርማት ውስጥ አንዲት መስመር አለች፣ ምን እንደምትሠራ አይገባኝም፣ ትርፍ ትመስላለች፣ ስሰርዛት ጳጉሜ ይጠፋል፣ ስመልሳት ይመጣል፣ ለባልደረቦቼ ልኬ ጠየቅኳቸው፣ ለእነሱም አልገባቸውም፣ "ያንቺው እጅ ነው፣ አንቺ ንገሪን" ብለው መለሱልኝ። ምን ያናድዳል መሰላችሁ፣ በስሜ የወጣ፣ ስንት ሰው አውርዶ የሚጠቀምበት ነገር፣ እኔው ማስረዳት የማልችለው! አሮጌውን አቆማለሁ ያልኩትንም ሳልወድ በግዴ ተውኩት፣ ማስታወሻዋን ግን አጠፋኋት።

ይሄ ሁሉ አልፎ እየረሳሁት ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ከሰዓት አባዬ ሱቅ ጨርቅ እያጣጠፍኩ ሳግዘው ስልኬ ጮኸ፣ ሲስተር ብርቄ ናት።

"ነጅምዬ፣ ምነው ሳትሰናበቺኝ? ውሃ ላመጣልሽ ወጥቼ ብመለስ የለሽም።"

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። "መቼ?" አልኳት።

"አሁን ነዋ፣ ምን ነካሽ? ኮምፒውተሩን ጨርሰሽ እንደሆን ልጠይቅሽ ነው። ደግሞ ተቀይመሽ እንዳይሆን፣ ምነው እንዲህ አረጀሽብኝ ስልሽ ዝም አልሽኝ።"

ምን ልበላት? ሌሊት ብቻዋን ተረኛ ሆና እዚያች ጤና ጣቢያ የምታድር ሴት ናት። "መኪናው እንዳያመልጠኝ ነው፣ ይቅርታ" አልኳት፣ ድምፄን እንደምንም አስተካክዬ፣ "ጨርሻለሁ፣ ይሠራል።"

ይሠራልም። ሲስተር ከዚያ ዓመት በኋላ ስለ ጳጉሜ ልጆች ደውላልኝ አታውቅም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ አይከል መንገድ እግሬን አንስቼ አላውቅም፣ ስንቴ ልሂድና ቁርጡን ልወቅ ብዬ እስከ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ በዚያ በር ስገባ አያ መኳንንት ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው "ምነው ልጄ፣ አሁን ወጥተሽ፣ ምን ረስተሽ ተመለስሽ?" እንዳይሉኝ እፈራለሁ።