ሻሊክቻር የት ናት?

«በእናትሽ! እዚያ ጋ መሬት የለም አልኩሽ እኮ!» ረህኑማ ብሩሹን ከጆስና እጅ ነጠቀች።

ካርታው ላይ፣ ሰማያዊው የጃሙና ወንዝ መሃል፣ አረንጓዴዋ ነጥብ እንደገና ጉብ ብላለች። ረህኑማ ሁለት ጊዜ ደፍናታለች።

ሁለቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ «ሀገራችን ባንግላዴሽ» የሚል ሥራ እያዘጋጁ ነበር፤ ካርታ፣ ባህል፣ ኢኮኖሚ። ከክፍሉ ያሸነፈ ለወረዳው ውድድር ያልፋል። አምና ረህኑማ አንድ ገባር ወንዝ ያለ ቦታው ስላ ቀርታለች። ዘንድሮ እያንዳንዱን መስመር ለክታ ነው የሳለችው። የሀገሩን ስድስት ወቅቶች፣ የሩዙንና ለጆንያ የሚሆነውን የጁቱን እርሻ፣ የአዲስ ዓመቱን ሰልፍ ሁሉ ብቻዋን ጽፋለች። ለጆስና የደረሳት ኢኮኖሚው ብቻ ነበር፤ እሱንም «ልብስ እንሰፋለን። ዓሣ እንይዛለን።» ብላ ዘጋችው። ከዚያ የፈነዳ ሩዟን በሰናፍጭ ዘይት ለውሳ፣ ወረቀቱ ላይ ተደግፋ መብላት ጀመረች።

«ዘይቱ! ቺታጎንግ ላይ አንጠባጠብሽው!»

«ወደብ አይደል? ዘይት ለምዷል።»

ረህኑማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ነጥቧ አመለከተች። «አሁን ይቺን ልደፍናት ነው።»

«ድፈኛት። እኔም መልሼ እቀባታለሁ።»

«ቆይ፣ ግን ምንድን ናት?»

«ሻሊክቻር ናታ! የደሴት መንደራችን።»

«አንቺ ልጅ ልታሳብጂኝ ነው? ሻሊክቻርን አምና ክረምት ወንዙ በላት ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ!»

«መሬቷን ነዋ የበላው።» ጆስና ጣቷን ላሰች። «መንደሯ ተነስታ ሄደች። ቆርቆሯችንን ነቅለን፣ ጀልባ ላይ ጭነን፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ላይ። መስጊዱም አብሮን መጥቷል። አሁን ወንዙ ዳር፣ የጎርፍ መከላከያው ግድብ ላይ ነን። ፖስተኛው ራሱ ሻሊክቻር ብሎ ነው የሚመጣው። አያቴ ሲወለዱም ሌላ ቦታ ነበረች።»

«ታዲያ ግድቡ ላይ ከሆነች፣ ወንዝ መሃል ምን ትሠራለች?»

ጆስና ሩዙን መቆርጠም አቆመች። «ግድቡ ላይ ሳደርጋት ደስ አይለኝም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹የግድብ ልጅ› ይሉኛል።»

የክፍላቸው ልጆች እንደሚሏት ረህኑማ ታውቃለች።

ብሩሹን ነክራ ነጥቧን በሰማያዊ ደፈነቻት። ጆስና ፊቷን አዞረች።

«ከጡብ ማቃጠያው ወዲህ ናችሁ ወዲያ?» አለች ረህኑማ ማስመሪያዋን እያነሳች።

«ምን አገባሽ?»

«ልለካ ነዋ! በግምት አላስገባም።»

«ወዲያ። ትንሽ ወደ ሰሜን።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው? አቤት! ካንቺ ጋር መሥራት!»

ነጥቧ ግድቡ ላይ ተቀምጣ ስሟ በጥቁር ቀለም ተጽፎ ሳያልቅ፣ መምህርት ሆስኔ አራ ከኋላቸው መጥተው ቆሙ። ካርታውን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ።

«ሻሊክቻር? መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል ስም የለም። ትርፍ ነገር ካለ ዳኞቹ ማርክ ይቀንሳሉ። ይጥፋ ወይስ ይቆይ?»

ጆስና አንገቷን ደፋች። ረህኑማ የመጨረሻውን ፊደል ጨርሳ የብዕሯን ክዳን ገጠመች።

«ይቆይ፣ አፓ» አለቻቸው መምህርቷን። «ዘንድሮ እዚህ ናት።»