አሥራ አንዱ የት ገቡ?

ተመራማሪዋ ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ሲመክሯት ግን አትሰማም። ጆሯቸው ለሚደክም ሕፃናት የማዳመጥ ልምምድ አዘጋጅታ፣ አርባ ልጆችን ድምፅ በማያስገባው ጠባብ ክፍል በአሥራ ሁለት ዓይነት ፈተና ልትፈትን ተነሣች።

የጆሮ መርማሪው ባልደረባዋ ገና ከጅምሩ ጨቀጨቃት። በመሥሪያ ቤቱ «አቶ አስቀድሞ» ይሉታል።

«ወሳኙ ፈተና የትኛው እንደሆነ አሁኑኑ ጻፊና ሰው ሁሉ በሚያየው መዝገብ ከነቀኑ አስገቢው። ውጤት አይቶ ጥያቄ መምረጥ የለም።»

«አንተ ቅጽህን ሙላ፣ እኔ ልሥራበት» አለችው።

ልጆቹ ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ ብቻ ተሻሻሉ፦ ፀጥ ባለ ክፍል ቃል መድገም። እሷም ድሮውንም የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ አስመስላ ጻፈች። የቀሩትን ዋጠቻቸው። ጽሑፉ ታተመ፣ ተጨበጨበላት።

ታላቅ እህቷ ጆሮዋ የሚደክም የሦስት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷ የመስሚያ መሣሪያው ሲደረግላት ታለቅሳለች።

«ልምምዱ ብቻውን ይበቃታል?» ብላ እናቲቱ ተመራማሪዋን ጠየቀቻት።

«ውጤቱን አይተሽው የለ?»

መሣሪያው መሳቢያ ገባ። ከዓመት በኋላ አቶ አስቀድሞ ልጅቷን ሲመረምር ንግግሯ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ለእናቲቱ «የቀሩትን አሥራ አንድ ፈተናዎች እህትሽን ጠይቂያት» አላት።

እህት የተመራማሪዋን በር ሳታንኳኳ ገባች። «አሥራ አንዱ የት ገቡ?»

«እትዬ፣ የጻፍኩት ቁጥር ውሸት የለበትም።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ያልጻፍሽውን ነው። ልጄ አራት ዓመት ሞልቷት እማዬ ማለት አትችልም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።»

ተረቱን አልጨረሰችውም፤ ቀሪውን ሁለቱም ያውቁታል። ተመራማሪዋ አፈረች።

በዚያው ሳምንት ለአሳታሚው ጽፋ አሥራ ሁለቱንም ውጤት አወጣች። ያጨበጨቡላት ተሳለቁባት። ለሚቀጥለው ጥናት አቶ አስቀድሞን ራሷ ለምና፣ የመጀመሪያው ልጅ ክፍሉን ሳይረግጥ አንዲት ጥያቄዋን አስመዘገበች።

እናንተ በሰው ጆሮና አንደበት ላይ የምትመራመሩ ሁሉ፣ ጥያቄያችሁን ከመልሱ በፊት አስመዝግቡ። ያልሠራውንም ተናገሩ። ጽሑፋችሁን አምና ልጇን የምታሳድግ እናት አለች።

ተመራማሪዋ የምዝገባውን ወረቀት ለእህቷ ወሰደችላት። እህት ደጃፍ ላይ እንዳቆመቻት እስከ መጨረሻው አነበበችው። ልጅቷ መሣሪያውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ከእናቷ ኋላ ሆና የአክስቷን አፍ ታያለች።

«ጥሩ ነው» አለች እህት ወረቀቱን እየመለሰች። «ለሌላ ሰው ልጅ ይደርሳል።»

በሩንም ዘጋችባት።