የሰይድ አባዱላ አልታጠብ ያለ ዕለት

ጂን የለም አልልህም፣ ቁርአን ያለውን እኔ ማን ነኝና እክዳለሁ፣ ግን ወዳጄ፣ ጂን ያን ያህል ሥራ ፈትቶ ሐይቅ ከተማ ድረስ፣ ያውም እኔ ላቫጆ ገብቶ መኪና ያቆሽሻል ቢሉኝ "ሂድ ወዲያ!" ነበር የምለው። እንዲያውም የሰፈራችን ሰው "ማታ ድምፅ ሰማሁ" ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ቅሞ እንደነበር ነው። ሚስቴ ተጠራጣሪ ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ "ምን ፈልጎ ይሆን?" እላለሁ፣ ጅዳ የሰው መኪና ስወለውል ያመጣሁት አመል ነው። ይቺን ነገር ግን ጠርጥሬ ጠርጥሬ ልቤ የሚያርፍበት ሰው አጣሁ። ለዚህ ነው የማጫውትህ።

ለውጥ መጣ፣ አገር ተከፈተ ሲባል ጓዜን ጠቅልዬ ገባሁና፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ግቢ ተከራይቼ፣ መሬቱን ሲሚንቶ አስነጥፌ ላቫጆ ከፈትኩ። ሌላው ላቫጆ አጥቦ ይሸኛል፣ እኔ ግን ቀለሙንም አሽጋለሁ፣ ናኖ የምንለው ፈሳሽ ነው፣ ተቀብቶ ሲደርቅ ቀለሙን ከፀሐይና ከአቧራ ይጠብቃል። ሰው ዋናው ሥራ ቅባቱ ይመስለዋል፣ እመነኝ አይደለም፣ ዋናው ከቅባቱ በፊት ያለው እጥበት ነው። መጀመሪያ በውሃ ግፊት አሸዋውን ታስለቅቃለህ፣ ከዚያ በአረፋ ከላይ ወደ ታች ታጥባለህ፣ ከዚያ እንደ ሊጥ በሚለሰልስ ማሻሻ ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ ትለቅማለህ፣ በመጨረሻም በአልኮል ትወለውላለህ። መንጻቱን ደግሞ ዓይን አይነግርህም። እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትተህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትዳብሰዋለህ፣ ባዶ እጅ የማይሰማውን ፌስታሉ ያሰማሃል፣ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ሳትቀር ትጎረብጥሃለች። ናኖው አንዴ ከተቀባ ከሥሩ የቀረ ነገር እዚያው ታሽጎ ነው የሚኖር፣ ስለዚህ እኔ ሳልዳብስ አልቀባም።

አሁን ወደ ሰይድ ልምጣ። ሰይድ ከሐይቅ ውጫሌ ነጭ አባዱላ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ በስም የሚጠራ ሾፌር ነበር። ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲጠጋ ሚስቱን ከዲጃንና ትንሹን ልጁን ኮምቦልቻ አድርሶ፣ "የቀረ ሰው ልጫን" ብሎ ተመለሰ፣ በዚያው ቀረ። ያኔ ነጭ ነገር ከሰማይ ይታያል ስለተባለ ባለመኪናው ሁሉ ጭቃ በእጁ እየዛቀ፣ ልክ ቤት እንደሚመረግ መኪናውን ይመርግ ነበር። አገር ሲረጋጋ የሰይድም መኪና አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ቅጠል ለብሶ፣ ጭቃው ደርቆበት ተገኘ፣ ሰይድ ግን የለም።

ታላቅ ወንድሙ ሁሴን "ሞቷል፣ የሙት ሶደቃው ይውጣለት፣ መኪናውም ይሸጥ" አለ። ከዲጃ ደግሞ "ሬሳውን ያየ ማን አለ? በቁሙ ላለ ሰው ሶደቃ አላወጣም" አለች፣ ጭቃው የባሌ እጅ ያረፈበት ነው ብላም መኪናውን አላሳጥብም አለች። እንግዲህ የዚያ ቤት ነገር ሁሉ እዚህ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ መኪናው ታጠበ ማለት ሰይድ ሞተ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሁሴን ያንን መኪና ከከዲጃ ግቢ በሌላ ሾፌር አስነድቶ ከች አለ፣ ሾፌሩ ወዲያው ሄደ።

"ጀማል፣ ይህን ሸጋ አድርገህ እጠብና ያን ቅባትህን ቀባልኝ፣ ነገ ገዢ ከደሴ ይመጣል።"

"አያ ሁሴን፣ ከዲጃ ታውቃለች?"

"እኔ ታላቁ ቆሜ የምን ከዲጃ ነው? እጠብ ስልህ እጠብ!"

ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ጀመረ። ለምን ቸኮለ? ቁልፉንስ በእጄ እንደመስጠት ለምን ከሩቅ ወረወረልኝ? ደግሞ መኪናው አጠገብ አልቆምም ብሎ፣ ከግቢው በር ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም ሳየው ሰውዬው አንድ ነገር አለበት አልኩ በልቤ። ከዲጃ ጋ ልደውል አሰብኩ፣ ቁጥሯ የለኝም፣ ብቻ ውሃውን ከፈትኩ።

ጭቃው ወፍራም ነበር፣ ላዩ ላይ የጣት ፈለግ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ መሃሉ ላይ ክፍት የሆነ ፈለግ። ሰይድን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማወቅ አይቸገርም፣ የቀኝ እጁን የመሃል ጣት ድሮ የሞተር ቺንጊያ ቆርጦበታል። ቢሆንም አጠብኩት፣ ጭቃው በሲሚንቶው ላይ ቡናማ ሆኖ ወረደ፣ አረፋውን አለበስኩት፣ አለቀለቅኩት፣ አደረቅኩት፣ በሊጡ አሸሁት። መኪናው እንደ ወተት ነጣ። ከዚያ ፌስታሌን አጥልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ኮፈኑን ዳበስኩ።

ጎረበጠኝ። አሸዋ ቢሆን እዚህም እዚያም ይነካሃል፣ ይሄ ግን በመስመር በመስመር ነው፣ አንድ፣ ከዚያ ክፍት፣ ከዚያ ሁለት ጎን ለጎን። ዓይኔን ስገልጥ ኮፈኑ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም የለበትም። ስጨፍን አለ። በሊጡ ደግሜ አሸሁት፣ ሊጡን ገልብጬ ሳየው ቀይ ጭቃ ተሞልቷል፣ ያውም እርጥብ ጭቃ። እኔ እኮ አድርቄዋለሁ! ወገቤን ይዤ ቆምኩ፣ ሰምተኸኛል?

በዚህ መሃል ከመኪናው ማዶ "ለጥ" የሚል ነገር ሰማሁ። ግድግዳ ሲመረግ ሰምተህ ታውቃለህ? እርጥብ ጭቃ ሲለጠፍ፣ ከዚያ መዳፍ ሲያልፍበት፣ ልክ እንደዚያ ነው። ለጥ፣ ሽሽሽ። ለጥ፣ ሽሽሽ። አሃ፣ ሁሴን ነው አልኩ፣ ሥራዬን አበላሽቶ ሊከሰኝ ነው ብዬ ዘወር ብል፣ ሁሴን የግቢው በር ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ ቆሟል፣ ጫማው ላይ ጠብታ ውሃ እንኳ የለም። የመኪናው በር ግን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ተቀብቷል።

ደሜ ፈላ፣ መፍራት ትዝም አላለኝ።

"አያ ሁሴን! ምን ያለ ቀልድ ነው?"

"የምን ቀልድ?"

"ይህን በር ማን መረገው?"

መጣ፣ አየ። ከዚያ በኔ ላይ ዞረ። "ከዲጃ ናት አይደል? ከዲጃ ናት ያስደረገችህ! ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ልታሳብዱኝ ነው!"

"ወላሂ ካየኋት ወር ሆነኝ! ደግሞስ አንቱ፣ እዚህ ግቢ ጭቃ ከየት አመጣለሁ?"

እውነቴን ነው፣ ግቢው እስከ አጥሩ ሲሚንቶ ነው፣ ያ ጭቃ ደግሞ ቄጠማ ቄጠማ ይሸታል፣ የሐይቅ ዳር ጭቃ ነው። ከአጥሩ ኋላ አየሁ፣ ከበርሜሉ ጀርባ አየሁ፣ ተንበርክኬ ከመኪናው ሥር አየሁ፣ ሰው የለም። እንግዲያውስ እንጠባበቅ ተባባልንና በሩን እንደገና አጥቤ፣ እሱ በቀኝ እኔ በግራ ቆምን። እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እጠብቃለሁ፣ ፀሐይዋ ገና አምባሰል ተራራ ላይ ነች፣ ጨለማ ነው እንዳትለኝ።

ለጥ።

አሁን ከጣሪያው ላይ ነው። ሁለታችንም ቀና አልን፣ ምንም የለም። ከዚያ ጭቃው በፊት መስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሲወርድ ደግሞ ዝም ብሎ አልፈሰሰም፣ አንድ የማይታይ እጅ ዘረጋው፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር፣ ተጠንቅቆ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ የጣት ፈለግ እየተወ። አዑዙ ቢላህ! የያዝኩትን ጨርቅ እንኳ መጣል አቃተኝ።

ሁሴን ግን ምን እንዳለ ልንገርህ፣ በነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለና፣ በሹክሹክታ፣

"ሰይዶ... አይተኸኝ ነበር እንዴ?" አለ።

ዞሬ አየሁት። "ምን አሉ?" ስለው "ምንም አላልኩም" አለ። ኋላም ጠይቄዋለሁ፣ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ሰይድ የት አየው? መቼ? መኪናው የተገኘበት አርዲቦ ባሕር ዛፍ ውስጥ እሱም ነበረ እንዴ? እንጃ።

ይህን ጊዜ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ፣ ከዲጃ ዘላ ወረደች። መኪናው ሲያልፍ ያየች ጎረቤት ነግራት ነው የመጣችው፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ልትጮህ አፏን ከፍታለች። መስታወቱን ስታይ ግን ጩኸቷን ዋጠችው። ቀስ ብላ ቀረበች፣ መዳፏን ፈለጉ ላይ አሳረፈች።

"እርጥብ ነው" አለች። "ጀማል፣ እርጥብ ነው እኮ! የሱ እጅ ነው። ይኸው አለ! ይቺን መኪና እየሸሸጋት ነው። ቢላሂ፣ የሞተ ሰው መኪና ይሸሽጋል?"

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ እንኳ ጠረጠርኳት፣ እጇን አየሁ፣ ከሒናዋ በቀር ምንም አልነበረበትም። ሁሴን ዘንድ ሄደች፣ "ይህ መኪና የትም አይሄድም" አለችው። የሚገርመው እሱ ያ ሁሉ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ፣ አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ወጣ።

መንዳት አትችልም፣ ስለዚህ መኪናውን እስከ ግቢዋ እኔው ነዳሁት፣ ከጭቃው መሃል በተረፈች ቀዳዳ እያየሁ፣ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያነበነብኩ፣ የኋላ መመልከቻውንም ወደ ጣሪያ አዙሬ፣ ምክንያቱም ከኋላ ወንበር ማንንም ማየት አልፈለግኩም። ሳቅ፣ ግድ የለም። አንተ ብትሆን ዘለህ ወርደህ ነበር።

ከዚያ ሁሴን ለሥራ ነው ብሎ ወደ ደሴ ሄደ፣ የሶደቃውም ወሬ ቀረ። እኔም አንድ ሰሞን ነጭ መኪና ሲመጣ "ፓምፑ ተበላሽቷል" እያልኩ እመልስ ነበር፣ ቆይቶ ልረሳው ስል ከዲጃ ማልዳ ሰው ላከችብኝ።

ስደርስ አባዱላው እንደቆመ ነው፣ ጭቃው ደርቆ እየተፈረፈረ ረግፏል፣ አዲስ የለበትም።

"መኪናውን ትቶታል" አለችኝ፣ ፊቷ ፈክቷል፣ እውነቴን ነው የምልህ እንደ ሙሽራ ነው የፈካችው። "አሁን ቤቱን ነው። ና እይ።"

ልጁ የሚተኛበትን ክፍል መስኮት ከውጭ አሳየችኝ። ከጥግ እስከ ጥግ ተመርጓል፣ ብርሃን የምታስገባ ቀዳዳ አልቀረችም፣ ፈለጉ ያው ፈለግ ነው።

"ጀማልዬ፣ አንተ መቼም እጅህ ያውቃል። ዳብሰውና ንገረኝ፣ ያለ ሰው እጅ ነው የሞተ? አትዋሸኝ፣ አፈር ስሆን አትዋሸኝ። የሞተ ነው ካልከኝ ዛሬውኑ ሶደቃውን አወጣለሁ፣ እኔም አርፋለሁ፣ ልጄም ያርፋል።"

ፌስታል አልያዝኩም፣ ባዶ መዳፌን ዘረጋሁ። መስኮቱ ጥላ ውስጥ ነው፣ ጠዋት ነው፣ የሐይቅን ጠዋት ታውቀዋለህ፣ የመስኮቱ ብረት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ጭቃው ግን ሙቅ ነበር። አንድ ሰው መዳፉን አሁን ያነሳበት ያህል ሙቅ።

"ሙቅ ነው" አልኳት።

ደፉ ላይ ተቀመጠችና በደስታ አለቀሰች፣ "አባትህ አለ!" ብላ ልጁን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው፣ እኔ ቆሜ መሬት መሬት አየሁ። የነገርኳት እውነት ነው፣ ይሁን እንጂ ሰይድ አለ ወይ ብትለኝ አላውቅም፣ ጭቃው ሙቅ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ሶደቃው እስከ ዛሬ አልወጣም። መስኮቱም አልታጠበም፣ ልጁ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ነው የሚያጠናው።

መጀመሪያ ሰይድ የሚሸሽጋቸው ከሰማይ መስሎኝ ነበር፣ እንደዚያ ዘመን። በኋላ ቤቱን ዞሬ ሳየው ግን በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት ጥርት ያለ ነው፣ በጓሮው በኩል ያለውም እንደዚያው። የተመረገው በስተቀኝ ያለው ያ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያሳየው የጎረቤትን ግቢ ነው፣ የሁሴንን ግቢ። ለከዲጃ አልነገርኳትም። ሁሴን ባለፈው ሳምንት ከደሴ ተመልሶ ቤቱ ገብቷል።