በአራት ሰዓት ከሃያ የተለጠፈው ማስታወቂያ

«ኢንስፔክተር ጂቱ ኩምሳ ነኝ። የእስራኤልን ነገር ልጠይቅሽ ነው። እሱ ክፍል እጠብቅሻለሁ፤ አሁኑኑ ነይ።»

ቢታንያ ስልኩን ዘጋች። መስከረም 2009 እየተገባደደ ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከተነሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ሰበታ ውስጥ ጎማ ያልነደደበት መንገድ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ቀናት አልፈዋል። ያን ሰሞን ለጥያቄ የተጠራ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሹራብና ቻርጀር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስር ቤት ውስጥ ቻርጀር ምን እንደሚሠራላት ግን እሷም አታውቅም።

ከእሷና ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር የድረ ገጽ ሥራ የሚሠራው እስራኤል ረቡዕ ዕለት በተከራየበት ክፍል ሞቶ ተገኝቷል። ጭንቅላቱ ተመቷል፣ መስኮቱ ተሰብሯል፣ አጠገቡ ትልቅ ድንጋይ ወድቋል። ሰፈርተኛው «ከመንገድ የተወረወረ ነው» ብሎ አልቅሶ ቀበረው።

ጂቱ አጭር፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ቢታንያ ስትገባ በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተቻት።

«መጋረጃውን እይው። ሬሳው ሲገኝ ተዘግቶ ነበር። ድንጋይ በዚህ በኩል ገብቶ ሰው ሲገድል መጋረጃው አይቀደድም? አቧራስ አይነካውም? ገዳዩ ከውስጥ ነው የነበረው፤ መስኮቱን የሰበረው ከመንገድ የተወረወረ እንዲመስል ነው። ረቡዕ መጥተሽ ነበር?»

«አልመጣሁም።»

በሩ ላይ የቆሙት አከራይዋ እትዬ ተረፈች ክው አሉ። «ኧረ ልጄ! ጠዋት በሁለት ሰዓት በሩን እኔው ከፍቼልሽ የለ? ሰማያዊ ጃኬትሽን ለብሰሽ! ኋላ ሁከቱ ሲመጣ እኛ ጓሮ ተደበቅን እንጂ።»

«ስትወጣስ አይተዋታል?» አለች ጂቱ።

«አላየሁም። ከዚያ ወዲያ የገባም የወጣም አላየሁም።»

ቢታንያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷ ብቻዋን የሚቀሩባት ቤት ታያት። «ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አለች። «መጨረሻ ያየችው እሷ ናት እንዳይሉኝ።»

«ይኸው አሉሽ። አሁን እውነቱን ንገሪኝ። አራታችሁ አብራችሁ የምትሠሩት ምንድን ነው?»

«እስራኤል ከውጭ ኩባንያ ሆስቲንግ፣ ማለት ድረ ገጽ የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ቦታ፣ በጅምላ ይገዛና ለእኛ ያከፋፍላል። እኔ፣ ትንሳኤና ሞቲ በየድርሻችን የደንበኞቻችንን ድረ ገጽ እናስቀምጥበታለን። ግን ሦስታችንም ቀን ቀን ተቀጣሪዎች ነን። የመሥሪያ ቤቶቻችን ኔትወርክ ተራ ድረ ገጽ ያስከፍታል፤ ገጹን የምናስተካክልበትን መቆጣጠሪያ ፓነል ግን ይዘጋብናል። ወደ ፓነሉ የሚገባው ተራ ድረ ገጽ ከሚያልፍበት በተለየ የኔትወርክ በር ነው፤ ያን በር ዘግተውታል።»

«ታዲያ ደንበኛ ቀን ላይ ሲጨቀጭቃችሁ?»

«በሞባይል እንገባለን። ሞባይሉ ሲቋረጥ ሥራው ሁሉ እስራኤል ላይ ወደቀ፤ የቤቱ የሽቦ መስመር ብቻ ነበር የሚሠራው። ሲሰለቸው ፓነሉ እንደ ተራ ድረ ገጽ የሚከፈት ሌላ ኩባንያ መረጠ። ‹ረቡዕ በሁለት ሰዓት ሁላችሁንም አዛውራለሁ› አለን። ሲያዛውር የእያንዳንዳችንን ድርሻ እየከፈተ ያያል።»

«አንቺስ ለምን መጣሽ?»

«ለሙከራ የሰጠንን አዲሱን ፓነል ማክሰኞ ከቢሮዬ ብሞክረው እምቢ አለኝ። ከከፈለ በኋላ እንዳይቆጨው ልነግረው ነበር። ‹እንግዲያው ዛሬ አላዛውርም፣ ሌላ እመርጣለሁ› አለኝ። ከዚያ ወጣሁ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ደህና ነበር!»

ጂቱ ደብተሯ ላይ አንዲት መስመር ጻፈችና ከሥሯ አሰመረችበት። «ይህን ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ሞቲና ትንሳኤም ወደዚያው ክፍል ተጠሩ፤ ቢታንያም እዚያው ቆየች። ሞቲ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም እያለ ገብቶ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ሆስቲንጉ አይቀየር ብዬ ከእስራኤል ጋር ተጨቃጭቄያለሁ፤ አልደብቅም። ረቡዕ ግን ቡራዩ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ መንገድ ተዘግቶ እዚያው አደርኩ። ድንኳን ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው።»

ትንሳኤ በተፍኪ መንገድ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሸሚዙ እንደተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደዚያው ነበር።

«እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮዬ ነበርኩ። በአራት ሰዓት ከሃያ ደንበኛዬ በሆነ ትምህርት ቤት ገጽ ላይ ‹ትምህርት ለጊዜው ተቋርጧል› የሚል ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ። ሰዓቱ ገጹ ላይ አለ፤ ይመልከቱት።»

«ፓነሉ ከቢሮ አይከፈትም አልተባለም እንዴ?»

«እሱ የድሮው ነው። አዲሱን ማክሰኞ ሞክሬው ከእኔ ቢሮ ይከፈታል። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ተዛውረናል።»

ቢታንያ አፏን ልትከፍት ስትል ጂቱ በዓይኗ ገታቻት። ቢታንያ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሁለቱ ወንዶች ማምለጫ አላቸው፤ እሷ የላትም። ያን ሌሊት መኪና ባለፈ ቁጥር እየባነነች አነጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጂቱ ሁሉንም፣ እትዬ ተረፈችን ጨምራ፣ ትንሳኤ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ቢታንያ ለእሷ የቆሙ መሰላት።

«ትንሳኤ፣ ያን ማስታወቂያ እስቲ አሁን አንሳው» አለች ጂቱ።

ትንሳኤ የአዲሱን ፓነል አድራሻ ጻፈ። ወዲያው ተከፈተለት። ፈገግ አለና ወደ ውስጥ ገባ። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። የትምህርት ቤቱ ገጽ እዚያ የለም፤ የማንም ገጽ የለም፤ ፓነሉ ባዶ ነው።

«አልተዛወረም» አለች ጂቱ። «እስከ ዛሬ በድሮው ነው ያለው። እሱን ክፈተው።»

የድሮውን አድራሻ ጻፈ። ነጩ ገጽ ሲዞር፣ ሲዞር ቆየና አልተገናኘም አለ።

«ከዚህ ቢሮ የድሮው ፓነል አይከፈትም፤ የሞባይል ኢንተርኔት በመላው ከተማ የለም። ማስታወቂያው ግን በአራት ከሃያ ተለጥፏል። ከእናንተ መካከል ወደ ፓነሉ የሚያስገባ መስመር የነበረው እስራኤል ክፍል ብቻ ነው። ገዳዩ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው የለጠፈው። የድሮው ፓነል መግቢያ እስራኤል ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ነበር፤ የድሮውና የአዲሱ መልክ አንድ ስለሆነ አዲሱ መሰለው። የፋብሪካው ጠባቂዎች ደግሞ ሁከቱን ፈርተው ከሦስት ተኩል እስከ ስድስት በሩን ጥለው እንደነበር ነግረውኛል። ወጥቶ መመለስ ቀላል ነበር። ትናንት በእስራኤል መስመር ገብተን የፓነሉን መዝገብ አየን፦ የገባው በአንተ ስም፣ ከዚያው ክፍል ነው። ድርሻህንም ከፈትነው። በሌለ ድርጅት ስም ወጣቶችን ውጭ አገር እልካለሁ እያልክ ፓስፖርታቸውን የምትሰበስብበት ገጽ አለህ።»

የትንሳኤ ፊት አመድ መሰለ።

«ሲያዛውር አይቶታል ብዬ ነው» አለ። «እንዳያወራብኝ ልለምነው ሄድኩ። ‹አየኸው አይደል?› ስለው ‹ምኑን?› አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ።»

«እስራኤል ምንም አላየም» አለች ጂቱ። «አንዱንም አልከፈተም ነበር።»

እትዬ ተረፈች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ሞቲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቢታንያ፣ ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ» አለች ጂቱ።

ቢታንያ ግን አልተነሳችም። ለሦስት ቀን አንቆ የያዛት ፍርሃት ለቀቃት፤ በቦታው የመጣው ከእሱ ይብሳል።

«ረቡዕ ስወጣ መልእክት ሰጥቶኝ ነበር» አለች። «ስልክ አልሠራ ስላለው ‹በፋብሪካው በኩል ስለምታልፊ፣ ዛሬ እንዳላዛወርኩ ለትንሳኤ ንገሪው› አለኝ። እሺ አልኩት። የፋብሪካው በር ጋ ስደርስ ጎማ ሲነድ አየሁ፤ ሰው ይሮጣል። ሳልገባ በውስጥ ለውስጥ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።»

ፖሊሶቹ እጁን አስረው የሚያወጡት ትንሳኤ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ አያት።

«ብትነግሪኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አላት።

ቢታንያ ይህን ቀድማ አውቃዋለች።