የታመሙት ግልገሎች ጋጣ

ሐጂራና ጣሃ የተዋደዱት ሰው ድርሽ በማይልበት ቦታ ነው፤ የታመሙ የግመል ግልገሎች በተዘጉበት ጋጣ ውስጥ። ይህን የሰማ ሰው ይስቅ ይሆናል። ግን ሌላ የት ይሂዱ?

እሷ ዱባይ፣ ሚርዲፍ ሰፈር ባለ አንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ናት። እሱ ደግሞ የቪላው ጌታ ከሻርጃ ወጣ ብሎ በረሃው ላይ ባላቸው እዝባ፣ በግመል ማርቢያቸው ማለት ነው፣ ግመል ጠባቂ ነው። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው። አርብ አርብ ቤተሰቡ ወደ እዝባው ሲወጣ ሐጂራ ሻይ ልታፈላ አብራ ትሄዳለች። አንድ ቀን ወተት ልትቀበል ስትመጣ ጣሃ ግመሏን በአማርኛ ሲሳደብ ሰማችውና ሳቀች።

«ግመሏ አማርኛ ትችላለች?»

«ከስድብ በቀር ምንም አላስተማርኳትም» አላት፤ ዓይኑን ግን ከፊቷ ላይ መንቀል አቃተው።

የቪላው እመቤት፣ ማዳም፣ ከወንድ ጋር ያገኘቻትን ሠራተኛ በማግስቱ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ከሐጂራ በፊት የነበረችው የሄደችው እንዲያ ሆና ነው። ስለዚህ ወራት በዓይን ብቻ አለፉ። ታኅሣሥ ላይ ከእናቶቻቸው የተለዩት ግልገሎች ማሳል ጀመሩ፤ አፍንጫቸውም ተዝረከረከ። ማዳም ማንም ወደ ጋጣው እንዳይጠጋ ከለከለች። ሁለቱ ሞኞች ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን አልቻሉትም።

ጋጣው ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። በሩን ዘግተው ድርቆሽ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። ኮንትራቷ ሲያልቅ አብረው አገር ሊገቡ፣ እሱም አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተዋል። ግልገሎቹ ጆሯቸው ሥር ይስላሉ። ጣሃ በጥምጥሙ ጫፍ የግልገሎቹን ንፍጥ ይጠርግና፣ ንጹሑን ጫፍ መርጦ የእሷን ላብ ያብስላታል። እንዲህ የሚሳሳላት ሰው ኖሯት አያውቅም።

ጥር ላይ ጣሃን ትኩሳት ጣለው። ሆስፒታል ሲገባ ከግመል የሚመጣ የሳንባ ቫይረስ ተገኘበት። ራቢያ የምትባል ሱዳናዊት ነርስ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሕመሙ በትንፋሽ እንደሚጋባ አስረዳችው። ማዳም ከቤቷ ማንም ጋጣውን እንዳልረገጠ ለጤና ሰዎቹ ተናግራለች፤ እስከምታውቀው ድረስ እውነቷን ነው።

«ከአንተ ጋር በተዘጋ ቦታ የነበረ ሰው ካለ ንገረኝ» አለችው ራቢያ። «ቶሎ ካገኘነው ይተርፋል።»

ጣሃ ከግልገሎቹ በቀር ማንም የለም አላት።

ወዲያው ለሐጂራ ስሟን እንዳልጠራ ጻፈላት። መልሷ በድምፅ መጣ፤ ደግ እንዳደረገ፣ እሷንም ትንሽ ጉንፋን ቢጤ እንደጀመራት፣ ቀላል እንደሆነ። መሀል ላይ አሳላት። ጣሃ ደጋግሞ ሰማው። ያንን ሳል ያውቀዋል። ለማዳም ንገሪያት ብሎ ለመናት።

«ምን ብዬ ልንገራት? ከማን ያዘሽ ብትለኝስ? በአላህ ይዤሃለሁ ጣሃ፣ ስሜን እንዳትጠራ።»

አደራዋን ጠበቀ። ከዚያ ስልኳ ተዘጋ። ማዳም ደርሳባት ቀምታት ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ከዚህ የከፋውን ማሰብ አልፈለገም።

ሆስፒታል በገባ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ራቢያ መጣች።

«ሐጂራ የምትባል የሚርዲፍ ሠራተኛ ታውቃለህ?»

ተነቃብን አለ በልቡ።

«ወላሂ፣ አላውቃትም።»

ራቢያ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ንጋት ላይ ሞተች። ከማዳሟ ደብቃ ደብቃ፣ ሳንባዋ ካለቀ በኋላ ነው ያመጧት። ማን እንዳስያዛት ብንጠይቃት ማንም የለም አለች።» ስልክ ዘረጋችለት። «የአባቷን ቁጥር አግኝተናል፤ አረብኛ ግን አይሰሙም። እንደማታውቃት ገብቶኛል፤ ቢሆንም ያገርህ ልጅ ናትና በቋንቋቸው ንገርልን።»

ጣሃ ስልኩን ተቀበለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ማን ልበል?» አሉ አባቷ።

ለሁሉም ሰው አላውቃትም ሲል ከርሞ፣ ለእሳቸው ማን ነኝ ይበል?

«ልጄ፣ ማን ልበል? ከሐጂራ ዘንድ ነው?»

«አዎ አባባ። ጣሃ እባላለሁ። የሐጂራ እጮኛ ነኝ።»

አባቷ ሳቁ። ያገሩ ልጅ መሆኑን ከአነጋገሩ አውቀው፣ ሽማግሌ አጥተህ ነው ወይ በስልክ የምትመጣው ብለው ቀለዱበት። ከዚያም ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ የልጅሽ እጮኛ ነው፣ ነይ ስሚ እያሉ። የእናትየው እልልታ በስልኩ ውስጥ ቀለጠ።

ጣሃ እልልታው እስኪያበቃ ጠበቀ።