ወንበር ሰባት ረክቷል

ከዚራ ሰፈር፣ መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጥላ አሻፈረኝ ብሏል። ሰዉ መንገዱ ላይ በጸሐይ እየተጠበሰ እሱ ሰው የሌለበት ግድግዳ ላይ ሸራውን ዘርግቶ ቆሟል። ድሬዳዋ ውስጥ ጥላ ሰው እየተከተለ መሄድ ከጀመረ ስለቆየ መከተሉ ማንንም አይገርምም፤ የሚያናድደው አለመከተሉ ነው። አንዲት ሴት ዘንቢሏን አናቷ ላይ ደፍታ ምሰሶውን በእግሯ መታ መታ አደረገችው።

ጥላ ጠጋኙ ሙክታር መሰላል ላይ ሆኖ የጥላውን ጆሮ ይጠርጋል። ጆሮ የሚሏት ምሰሶው ጫፍ ላይ የተተከለች፣ ጥፍር የምታክል መሣሪያ ናት፤ የሰው ድምፅ የት እንዳለ ሰምታ ሸራውን ወደዚያው ትነዳዋለች። ሰው ያወራል፣ ጥላው ይመጣል። በዚህ ከተማ ዝምተኛ ሰው ድሮም ብዙ አልነበረም፤ የነበሩትም እንዳይቃጠሉ ብለው ወሬ ለምደዋል።

«ጆሮዋ ጤነኛ ናት» አለ ሙክታር ወደ ታች እያየ። «ግድግዳው ላይ የሚለፈልፈውን ማስታወቂያ ሰው መስሏት ነው። አይፈረድባትም። ዛሬ ከእሱ በላይ ምን የሚሰማ አለ? ‹ባቡሯ ወደ ባሕር› ፊልም ዛሬ ነው ሲኒማ ቤት የሚገባው። ወንበር ሰባትን ይዣለሁ። ሾፌሩ ዋሻው አፍ ላይ ደርሶ ፍሬኑን ሲስበው...»

«አቦ፣ ጥላውን ልቀቅልን» አለ መድኃኒት ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ። «ዋሻውን ከነአሸዋው እናውቀዋለን።»

እውነቱን ነው፤ ያውቁታል። ፊልሙ ሊሠራ ነው ከተባለበት ዕለት ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሙክታር ስለ ሌላ ነገር ያወራበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ፊልሙ ሳይመጣ ሰው ምራቁን እንዲውጥ የሚለቀቁ ቁርጥራጮች አሉ፤ ቅምሻ ይባላሉ። ቅምሻ በወጣ ቁጥር ሙክታር ሥራ ፈቶ ያየዋል፤ ከዚያ በመካከል የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። ሾፌሩ ባሕር ለማየት ለምን እንደጓጓ ቅምሻው አይናገርም፣ ሙክታር ይናገራል። የባቡሯን ፊሽካ በከንፈሩ ያፏጫል፤ የሐዲዱን ድምፅ ጉልበቱን እየደለቀ ያሰማል።

ፊልሙ እዚሁ ድሬ ውስጥ መቀረጹን የሰማ ሰሞን ደግሞ ባሰበት። በአንዱ ቅምሻ ውስጥ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ሰማያዊ በር ነበረች። ጥላ እጠግናለሁ እያለ መጋላ ሰፈርን ጓሮ ለጓሮ ሲያስስ ከረመና አንድ ቀን ከቀፊራ ገበያ ጀርባ፣ የፈረሰ ወፍጮ ቤት አጠገብ አገኛት። ከዚያ በኋላ ያላሳያት ሰው የለም። ለሰርግ ከሐረር የመጡ እንግዶችን እንኳ ከድግስ አስነስቶ ወስዶ በር አሳይቷል። የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ጥርሳቸው የወለቀ ሽማግሌ፣ ኮቴ ሲሰሙ ብቅ ብለው «ዛሬስ ስንት ናችሁ?» ማለት ለምደዋል።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የወደቀው ግን ሚስቱ ሰዓዳ ላይ ነው። ሰዓዳ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የተማሪ ጩኸት ስትሰማ ትውልና ቤቷ ስትገባ ሙክታር በረንዳው ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ይጠብቃታል። «ዛሬ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰለሽ» ይላል። ምን እንዳሰበ ታውቃለች። ጎረቤቶቿ ሰዓዳን ሲያዩዋት ራሳቸውን ይነቀንቁላታል።

ሲኒማ ቤቱ ለገሀር አጠገብ ነው። ሰው አንድ ሸራ ላይ አብሮ ማፍጠጥ ከተወ ቆይቷል፤ አሁን እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን መነጽር ያጠልቃል፣ የወንበሩ ክንድ ማሳረፊያም የልቡን ምት ያዳምጣል። ምቱ የሚሄደው ልከኛ ወደተባለው መሣሪያ ነው። ልከኛ የፊልም ልብስ ሰፊ በሉት፤ ሰውየውን ለክቶ ፊልሙን በልኩ ይቆርጥለታል። ደም የሚያስፈራው ደም አያይም፤ ፍቅር የሚሰለቸው ቶሎ ወደ ድብድቡ ይገባል። የሰውን ልክ አስቀድሞ ለማወቅ ደግሞ ከከተማው ጥላዎች ጆሮ ጋር ተያይዟል፤ ማን ስለ ምን ሲያወራ ድምፁ እንደሚሞቅ ከእነሱ ይሰማል። ተግባሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ረክቶ እንዲወጣ ማድረግ። አንዱን ከተማ በአንድ ቀን አርክቶ በማግስቱ ፊልሙን ወደሚቀጥለው ከተማ ይልካል።

ሙክታር ያንን ከሰዓት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ማንም ሳይቀድመው ገባ። መብራቱ ጠፋ። ከሩቅ የባቡር ፊሽካ ተሰማ፤ ልክ እሱ ሲያፏጭ እንደኖረው ዓይነት። ክንዱ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ነጭ ጽሑፍ መጣ።

«ክቡር ደንበኛችን፣ በዚህ ፊልም ረክተዋል። ስለመጡ እናመሰግናለን።»

የሠሪዎቹም ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀው። ስሙ የመብራት ሠራተኞች ጋ ደርሷል። ዙሪያውን ሲመለከት አዳራሹ በሙሉ አፉን ከፍቶ አየር ላይ አፍጥጧል። አጠገቡ ያለው ጎረምሳ ደግሞ እንባውን ይጠርጋል። ገና ከመጀመሩ ምን አስለቀሰው? ሙክታር በቅናት አረረ። ስሙ ተሰልፎ ሲያልቅ ወንበር ሰባት ቀስ ብሎ ወደፊት አዘነበለና መሬት ላይ አስቀመጠው። ረክቶ አልነሣም ያለ ሰው ሲያጋጥም እንዲህ ያደርጋል።

በሩ ላይ የቆመችው የልከኛው ተቆጣጣሪ ቤዛዊት ነበረች፤ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ያላየች ወጣት።

«ጋሽ ሙክታር፣ ምነው ወጣህ?»

«ረክቼ።»

«እንዴት ደስ ይላል።»

«ቤዛዊት፣ ምንም አላየሁም። ደግሞ እርስዎ ይለኛል። ድሬ ተወልጄ ድሬ ሳረጅ እርስዎ ብሎኝ ደህና ነገር የነገረኝ የለም። ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ሐኪም ነው።»

ቤዛዊት የእጅ ሰሌዳዋን አውጥታ ወንበር ሰባትን ፈለገች። አነበበች፤ ግንባሯን አሸት አድርጋ እንደገና አነበበች።

«አልተበላሸም» አለች።

«አልተበላሸም?»

«አንድ ሰው በዚህ ፊልም ሊደሰት የሚችልበት ልክ አለ። አንተ በረንዳህ ላይ ያንን ልክ ካለፍከው ቆይቷል። የሰፈርህ ጥላዎች ሰምተውሃል። ሰማያዊዋን በር ያገኘህባት ቀን ብቻዋን ለሁለት ፊልም ትበቃለች ይላል። ስለዚህ የማያስፈልግህን ሲቆርጥ፣ ሲቆርጥ፣ የሠሪዎቹ ስም ብቻ ቀረ።»

«ስሙንስ ለምን ተወው?»

«የሠራተኛ ስም መቁረጥ ክልክል ነው።»

ሙክታር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እነዚያን ጆሮዎች በገዛ እጁ ሲጠርግ ነው የኖረው። አቧራ እንዲሞላቸው ቢተዋቸው ኖሮ ዛሬ ፊልሙን ያይ ነበር።

«ያልተለካውን አሳዪኝ» አለ። «እንዳለ። ማንም ያልነካውን።»

«ለእሱ የዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ያልተለካ ፊልም ሰውን ሊያሳዝን ይችላል።»

«ልዘን። አሁን ደስ ብሎኝ ነው የቆምኩት?»

«እጠይቃለሁ፤ ግን ተስፋ አታድርግ። ነገ ጠዋት ፊልሙ ወደ ጅግጅጋ ይሄዳል፤ ወደዚህ አይመለስም።»

ሙክታር ደጁን ሁለት ጊዜ ዞረና ድንገት አባቱ ያጫወቱት ትዝ አለው። በእነሱ ልጅነት ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ፊልሙን ያይና ሲወጣ ውጪ ለቀሩት ከነድብድቡ፣ ከነድምፁ ይተርክላቸው ነበር። የሚያስፈልገው እንግዲህ ልቡ ለዚህ ፊልም አንድም ቀን ያልሞቀ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ከሰዓዳ በላይ አይገኝም። ደወለላት።

ሰዓዳ ያላረመቻቸውን የፈተና ወረቀቶች በብብቷ ይዛ መጣች።

«ሦስት ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን በእግሬ ሄጄ ልይልህ?»

«ላንቺ አይቆርጥብሽም። ሙሉውን ታዪዋለሽ። ወጥተሽ እንዳለ ትነግሪኛለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ፊልም ትንፍሽ አልልም።»

ሰዓዳ ትክ ብላ አየችው። «ትንፍሽ አትልም?»

«አልልም።»

ወረቀቶቹን አስታቀፈችውና ወደሚቀጥለው ትርኢት ገባች። ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

የመጀመሪያው ትርኢት ታዳሚዎች በዚያው ሰዓት እየወጡ ነበር። ሁሉም ፊታቸው የበራ ነው፤ ብርሃኑ ግን ደረጃው ላይ እስኪደርሱ ድረስም አልቆየም። አንዱ ስለ ሾፌሩ ሠርግ ጀመረ፤ ጓደኛው የምን ሠርግ፣ ሰውየው ዋሻው ውስጥ ሞቶ የለም ወይ አለው። አንዲት ልጅ ባሕሩ ውስጥ ስለሚዋኙት ግመሎች ስታወራ እናቷ ግንባሯን ዳበሰቻት። ሁለቱ ጓደኛሞች ሊደባደቡ ደርሰው ሙክታርን አዩትና ዳኘን ብለው መጡ።

«አላየሁትም» አላቸው ሙክታር ጥርሱን ነክሶ።

አብሮት የሚያወራ ሰው ያጣ ሁሉ ዝም እያለ ወደየቤቱ ተበተነ። ዝም ስላሉ ጥላ እንኳ አልተከተላቸውም። መድኃኒት ሻጩ መጨረሻ ላይ ወጥቶ ሙክታር አጠገብ ቆመ። የወረቀቱን ክምር አየ፤ ነጩን ሸሚዝ አየ፤ የሆነውን ሲሰማ ለመሳቅ ቃጣውና ተወው።

«የኔ ጥሩ ነበር» አለ። «ለማን እንደምነግረው ነው የጠፋኝ። አቦ፣ ያንተው ይሻል ነበር። ቢያንስ አንድ ላይ ነው የሰለቸን።»

ሙክታር በዚህ ሰዓት ሊጽናና አልፈለገም፤ የፈለገው ፊልሙን ነው። የማያውቃቸውን ልጆች ፈተና እየገለጠ፣ በሁለተኛው ጥያቄ ሁሉም ለምን እንደተሳሳቱ እየተናደደ ጠበቀ።

ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለተኛው ትርኢት አለቀ። ሰው ወጣ፣ ተከራከረ፣ ተበተነ። ሰዓዳ የለችም። አዳራሹ ባዶ ሆኗል ሲባል ብቅ አለች፤ ፊቷ ተማሪ የሰደባት መምህርት ፊት ነው።

«እሺ» አለ ሙክታር ብድግ ብሎ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ፊሽካው እንዴት ነው?»

«አንተ ነህ።»

«ምኑ ነው እኔ?»

«ፊልሙ። አንተ ነህ። ጨለማ ነው፣ አንድም ምስል የለበትም። ያንተ ድምፅ ብቻ። በረንዳችን ላይ ያወራኸውን ሁሉ ልከኛው ከጥላዎቹ ለቅሞ ሰፍቶ ሰፍቶ፣ ከነጉልበት ድለቃህ። ትቼህ ከገባሁ በኋላ ለብቻህ ያወራኸውን ሳይቀር።»

ሙክታር ወረቀቶቹን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ላንቺ? በልክሽ ቆርጦ?»

«በልኬ ቆርጦ።»

«ተሳስቷል ማለት ነዋ።»

«ተሳስቷል እንጂ» አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ ግን እንደ ንግግሯ አልጠነከረም።

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም? ሁለት ሰዓት ሙሉ?»

ወረቀቶቿን ተቀበለችውና ጠርዛቸውን ማስተካከል ጀመረች። የተስተካከለውን መልሳ አስተካከለች። «ባቡሯ ዋሻው ውስጥ ስትገባ መብራቱ ይጠፋል» አለች። «ከዚያ እኔ በቃህ ስልህ እሰማለሁ፤ ቀጥሎ የሠሪዎቹ ስም ይመጣል። ለካ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው ሳስቆምህ የኖርኩት። ይቀጥል ይሆናል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አልቀጠለም። እንዲህ ይደረጋል? ዋሻ ውስጥ ጥለኸኝ?»

በዚህ መሀል ቤዛዊት ሰሌዳዋን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ሙክታር፣ ፈቃዱ መጣ። ያልተለካው፣ እንዳለ። አሁኑኑ ካልገባህ ግን ይዘጋብኛል።» ሰዓዳን ስታይ ደግሞ ቆም አለች። «ሳትረኪ የወጣሽው አንቺ ነሽ? ዛሬ ከመላው ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው ያልረካው። ልከኛው የጎደለሽን ነገር አውቆታል፤ የት እንደሚገኝ ግን አጥቶታል።»

ሙክታር የአዳራሹን በር አየ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘው እዚያ ውስጥ ነው። ሰዓዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ግባ» አለችው። «ያንተ ፊልም አይደል።»

«ገብቼ መጨረሻውን አይቼ ልንገርሽ። አሁን እመጣለሁ።»

«የእነሱ መጨረሻ ምን ያደርግልኛል? ዋሻ ውስጥ ያስገባኸኝ አንተ አይደለህ?»

ሙክታር ተናደደ። በልከኛው ተናደደ፣ በጥላዎቹ ተናደደ፣ ሦስት ዓመት ፊቷን ስታጠቁርበት ኖራ ዛሬን መርጣ በጠየቀችው ሚስቱ ተናደደ። ከሁሉ በላይ ግን ዋሻውን አልፎ የማያውቅ መሆኑ አናደደው። እስካሁን አንድም ሰው ከዋሻው ወዲያ አዳምጦት ስለማያውቅ መጨረሻውን አስቦት አያውቅም።

«ጋሽ ሙክታር፣ ሊጀምር ነው» አለች ቤዛዊት። «ወንበሩ ባዶውን ነው።»

«ግቢና እዪው» አላት። «ስትወጪ ትነግሪኛለሽ።»

ቤዛዊት ሁለቱን በየተራ አየቻቸው፤ በረጅሙ ተንፍሳ ገባች። ሙክታር ነጭ ሸሚዙን ሰብሰብ አድርጎ ሰዓዳ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ዋሻው ውስጥ ናቸው» አለ። «መብራቱ ጠፍቷል። ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ ይዳስሳል።»

«እሺ» አለች ሰዓዳ። «ከዚያስ?»

ከዚያ ምን እንደሚመጣ ሙክታር ራሱ አያውቅም ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ።